ቀይ ካሊፐር መጨረሻ ላይ ይምጣ

ትራክ (የመኪና መሮጫ ሜዳ) ላይ መኪና እንደምነዳ የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፣ ስንት ትሄዳለህ? ሰርግ ላይም ይሁን ክርስትና ላይ ወሬው ወደ መኪና ከዞረ "ስንት አስገባሃት?" ነው በቃ። እንዴት ነው የምትቆመው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። እኔ ደሞ ትራክ ከጀመርኩ ወዲህ ገንዘቤም ቅዳሜዬም ሃሳቤም የሚያልቀው እዛው ማቆም ላይ ነው፣ ሞተሯን እንደወጣች ተውኳት፣ ፍሬኗ ላይ ግን እጄ ያልገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ሁለት ልጆች በተለያየ ቀን ደውለው "ትራክ ልንሞክር ነው፣ ቢግ ብሬክ ኪት የቱን እንግዛ?" (ከፋብሪካው የሚበልጥ ዲስክና ካሊፐር ማለት ነው፣ ዲስኩ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ካሊፐሩ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል) ስላሉኝና ለሁለቱም ያንኑ ረጅም መልስ በስልክ ስሰጥ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ነው።

መኪናዬ ሳየን ኤፍአር-ኤስ ነች፣ የ2013 ሞዴል፣ ቶዮታና ሱባሩ ተጋግዘው የሰሯት ትንሽዬ ባለ ሁለት በር፣ 2 ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 1,250 ኪሎ ገደማ። ሳየን የሚለው ስም በፈረንጆቹ 2016 ስለቀረ አሁን ብዙ ሰው 86 ነው የሚላት። የምነዳበት ትራክ ዌስት ቨርጂንያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው፣ ከኖርዘርን ቨርጂንያ ገና ሳይነጋ ከወጣህ መንገዱ ባዶ ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅብህ ነው። ዋናው ዙር 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው፣ ረጅሙ ቀጥታ ደሞ 2,900 ጫማ። ውድድር እንዳይመስላችሁ፣ ዋንጫ የለ ሽልማት የለ፣ ትምህርት ነው፣ ጎንህ ኢንስትራክተር ይቀመጣል፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ትነዳለህ፣ ትወጣለህ፣ መኪናህም አንተም ትቀዘቅዛላችሁ፣ እንደገና ትገባለህ። እኔ ቆሎ በላስቲክ ይዤ ነው የምሄደው፣ እዛ ያሉት ፈረንጆች አሁን ከኔ ይልቅ ቆሎውን ነው የሚጠብቁት፣ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ፣ አትሽሹ። ቀጥታው መጨረሻ ላይ መኪናዬ በሰዓት 110 ማይል አካባቢ ትደርሳለች፣ በኪሎሜትር 177። ቀጥሎ ያለው ተርን 1 ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ነው፣ ፍጥነትህን ግማሽ ገደማ ሳታወርድ አትገባበትም። ነጂና ኢንስትራክተር ተጨምረው መኪናዋ 1,400 ኪሎ ትሁን እንበል። ከ110 ወደ 55 ስትወርድ 1.27 ሚሊዮን ጁል ገደማ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ጉልበቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንስ ከጉልበቱ ሶስት አራተኛውን ነው የምታራግፈው። ይሄ ሙቀት 3.5 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ አፍልቶ ይተርፈዋል፣ የሚፈጅበት ጊዜ ደሞ ሶስት ሰከንድ ነው፣ ጀበና ከሰል ላይ ጥዳችሁ የጠበቃችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል። በፈረስ ጉልበት ሲሰላ 600 ገደማ ይመጣል። ሞተሯ 200፣ ፍሬኗ 600! ለዛውም ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ ከሁለት ሶስተኛው በላይ የሚወድቀው ሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ ነው። ይሄ ሁሉ አንድ ኩርባ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ቁልቁል ወርደህ የምትገባበት ተርን 5 አለ፣ ከዛ ሌሎቹ፣ ከዛ ዲስኩ በቅጡ ሳይበርድ ያው ቀጥታ ተመልሶ ይመጣል።

መንገድ ላይ እንዲህ አይነት ነገር የለም እኮ። 395 አውራ ጎዳና ላይ አንዱ ድንገት ፊትህ ቢገባ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ትይዛለህ፣ ልብህ ይመታል፣ ትሳደባለህ፣ ከዛ አስር ደቂቃ ሙሉ ፍሬኑ ያርፋል። ፋብሪካው የሰራልህ ለዛ ነው፣ ለዛ ደሞ በጣም ጥሩ ነው። ትራክ ላይ ግን ጥያቄው ይቀየራል፣ ይሄን ሁሉ ሙቀት የት ላድርገው ነው ነገሩ። ፍሬን አሻሻልኩ የሚል ሰው ሁሉ ይሄን ሙቀት ወይ እየቻለ ነው፣ ወይ ወደ አየር እያስወጣ ነው፣ ወይ ደሞ ገንዘቡን እየበተነ ነው።

"እሺ ግን ትልቅ ፍሬን ቶሎ አያቆምም?" ለሚለው፣ አያቆምም። መኪና አስፋልቱን የነካው በጎማ ነው። የፋብሪካው ፍሬን ጎማውን እስኪቆልፍ፣ ማለትም ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆልፍ የሚቆጣጠረው) እግርህ ስር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ የፈለገውን ያህል ትልቅ ካሊፐር ብታስር ለአንዲት ማቆም አንድ ክንድ እንኳን አያሳጥርልህም፣ ከዛ በላይ የሚይዘው ጎማው ስለሆነ። ርቀት ማሳጠር ከፈለግክ ጥሩ ጎማ ግዛ። የትልቅ ፍሬን ጥቅሙ ያንኑ ነገር ለአስራ ምናምነኛ ጊዜም እንደ መጀመሪያው ማድረጉ ላይ ነው።

ነገሩ በወሬ ሳይሆን በእግሬ የገባኝ አንድ የሐምሌ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ፣ አስፋልቱ ራሱ ሙቀት ይተፋል፣ ተርን 1 ላይ እንደወትሮው ስረግጠው ትንሽ ወርዶ ይይዝ የነበረው ፔዳል ዝም ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ። ጭራሽ አልጠፋም፣ ግን ለሰለሰ፣ ከስር የሚገፋው ነገር የለም። ኢንስትራክተሩ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው፣ ድምጹን እንኳን ሳይቀይር "ፓምፕ፣ ፓምፕ" አለኝ። ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ረገጥኩት፣ ተመለሰ፣ ኩርባውን ሰፋ አድርገን ዞርን፣ እሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ከኋላ የመጡትን እያሳለፈ ዙሩን ቀስ ብለን ጨርሰን ወጣን። ስንቆም እጄ ወደ እጅ ፍሬኑ ሲሄድ አየና ያዘኝ፣ ትኩስ ፍሬን ላይ እሱ አይሳብም፣ ማርሽ ውስጥ ተዋት፣ እግርህንም ከፔዳሉ አንሳ አለኝ። ከዛ ኮፈኑን አስከፈተኝና የፍሬን ዘይቱን እቃ በጣቱ መታ መታ አድርጎ "የፈላብህ ይሄ ነው" አለ። ሸራው ደህና ነበር፣ ዲስኩም ደህና ነበር፣ እጁን የሰጠው ዘይቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘይት። የፍሬን ዘይት የሚባለው (ዘይትም አይደለም እንደውም፣ ግላይኮል ነገር ነው) ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በጎማ ቱቦዎቹም በእቃው ክዳንም ቀስ እያለ ውሃ ይገባበታል፣ ውሃ በገባበት ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ዶት 3 (የዘይቱ ደረጃ ነው) የተጻፈበት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ መቻል አለበት፣ ወደ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። ዶት 5.1 አዲሱ 260፣ እርጥቡ 180። ለትራክ ተብሎ የሚሸጠው፣ ለምሳሌ ሞቱል አርቢኤፍ 600፣ አዲስ ሲሆን 312 ድረስ ይሄዳል። ልዩነቱን ተመልከቱት፣ መኪናህ ውስጥ ዓመታት የቆየ ዶት 3 ካለ ትራክ ላይ ሁለት ጥሩ ዙር ሳትነዳ ሊፈላብህ ይችላል። ሲፈላ ደሞ እንፋሎት ነው፣ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ስለዚህ እግርህ የሚገፋው ካሊፐሩን ሳይሆን አረፋውን ይሆናል። በነገራችን ላይ ዶት 5 የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ከ4 ስለሚበልጥ ይሻላል ብላችሁ እንዳትገዙ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ 5.1 ሌላ 5 ሌላ።

ዘይት መቀየር ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሊትሩ ሃያ ምናምን ዶላር፣ ጉልበቱን ደሞ ዘመድ ይችለዋል። እኔ የማሰራው የአክስቴን ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ከስር መደገፊያ አስገብተን፣ ጎማዎቹን ፈተን፣ እሱ ከውስጥ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ከውጪ ካሊፐሩ ስር። ጎረቤታችን ጋሼ ደሞ (ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው) ቡናቸውን ይዘው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆጣጠራሉ።

"ርገጥ!"
"ረገጥኩ።"
"ያዝ!"
"ይዣለሁ።"

ማስተንፈሻዋን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ስከፍታት ዘይቱ በቀጭኗ ላስቲክ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል፣ መጀመሪያ ጠቆር ያለ፣ ቀጥሎ ደቃቅ አረፋ ያዘለ፣ ከዛ እየጠራ። እዘጋትና "ልቀቅ" እለዋለሁ። ጋሼ ከወንበራቸው፣ "ሳትዘጋው እግሩን እንዳያነሳ ልጄ፣ አየር ከሳበ ሀ ብለህ ነው የምትጀምረው። ከላይ እቃውም እንዳይጎድል እይ።" ያያሉ እኮ፣ ከዛ ርቀት! ሶስተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ "ጋሼ፣ እግሬ ዛለ፣ እርስዎ ይተኩኝ" ይላል። "እኔ የረገጥኩት ይበቃኛል" ይሉታል። አራቱም ካለቁ በኋላ ጋሼ ራሳቸው ገብተው አንዴ ይረግጡና አንገታቸውን ከነቀነቁ ስራው አልቋል ማለት ነው፣ ካልነቀነቁ እንደገና።

ከዘይት ቀጥሎ ሸራ ነው፣ እኔ እንደውም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ አልመርጥም፣ ሁለቱም አብረው ነው። የመንገድ ሸራ ጠዋት በብርድ ከቤት ስትወጣ ወዲያው እንዲይዝ፣ እንዳይጮህ፣ ቸርኬ እንዳያቆሽሽ ተብሎ ነው የሚሰራው። ሙቀቱ እንደ አይነቱ ከ300 ወይ 400 ዲግሪ ሲያልፍ ግን መያዙን ይተዋል። ይሄኛው መክዳት ከዘይቱ በጣም ይለያል፣ እግር ላይ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው፦ ዘይት ሲፈላ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ሸራ ሲከዳ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ነው፣ በሙሉ ጉልበትህ ትረግጠዋለህ፣ መኪናዋ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች፣ ቀጥሎ ሽታው ይመጣል።

ያን ሽታ ከትራክ በፊት አውቀዋለሁ። አጎቴ ፊያት 682 ኤን 3 ይነዳ ነበር፣ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል፣ ከጎሃ ጽዮን ተነስተን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጥለውልን ይሄዳሉ። አጎቴ ፍሬኑን በጣም አልፎ አልፎ ነበር የሚነካው። "ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ" ይል ነበር፣ ለኔ ሳይሆን ለረዳቱ፣ ረዳቱ ደሞ ይሄን ስንት ጊዜ እንደሰማው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። አሁን ቁጭ ብዬ ስሰላው የአጎቴ ጥንቃቄ ይገባኛል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ (አባይ በረሃ ከዛም ይበልጣል) የሚያራግፈው ጉልበት 294 ሚሊዮን ጁል ነው፣ የኔ ሚጢጢ መኪና ተርን 1 ላይ የምታራግፈውን ከ200 ጊዜ በላይ። ሁሉንም ለፍሬኑ ከሰጠኸው የሚችል ፍሬን የለም፣ ስለዚህ ለሞተሩ ታካፍለዋለህ። በዛ ላይ ፍሬኑ ታምቡር ነው፣ ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚገፋው ከበሮ መሳይ ብረት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉ እየረዘመ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ደሞ ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን ሁለት ፊቱ ለአየር ክፍት ነው፣ ሲግል ደሞ ወደ ሸራው ነው የሚወፍረው። በፈረንጆቹ 1953 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን በሚባለው ከተማ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ጃጓር ሲያሸንፍ ከደንሎፕ ጋር የሰሩት የዲስክ ፍሬን ነበረው፣ ሌሎቹ ታምቡራቸውን ላለማቃጠል ቀድመው ሲይዙ ጃጓሮቹ ዘግይተው ይይዙ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ። መርሴዲስ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1955 እዛው ውድድር ላይ የመጣው ታምቡሩን ሳይተው ነው፣ እሱን ለማገዝ ከነጂው ጀርባ ተነስቶ አየር የሚገታ ትልቅ ክዳን ሰርቶ። ቆንጆ መፍትሄ ነው፣ ግን ታምቡር ላይ ምን ያህል ተስፋ እንደቆረጡም ያሳያል።

ወደኔ ሸራ ስመለስ፣ አሁን የምጠቀመው ካርቦቴክ የሚባለውን ነው፣ ከፊት ኤክስፒ10 ከኋላ ኤክስፒ8። ይሄ መኪና ላይ ብዙ ሰው ያደረገው ቅንብር ነው፣ እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም። የፊቱ ከኋላው በርታ ማለት አለበት፣ ኋላው ከበረታ ፍሬን ስትይዝ የመኪናዋ ኋላ ቀድሞህ ይሄዳል። አዲስ ሸራ ሲገባ ከዲስኩ ጋር ማላመድ ግዴታ ነው፣ እሁድ ሳይነጋ ሰው በሌለበት መንገድ ከ60 ማይል ወደ 10 ጠበቅ አድርገህ ትይዛለህ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም እንደገና ትነሳለህ፣ ትደጋግመዋለህ፣ ሽታው እስኪመጣ፣ ከዛ ፍሬን ሳትነካ ብዙ ትነዳና ታበርደዋለህ። ይሄን ስታደርግ ከሸራው ላይ ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ትክክለኛው መያዝ የሚመጣው ከዛ ሽፋን ነው። በግለቱ ቀይ መብራት ላይ ረግጠህ ከቆምክ ሸራው ባረፈበት ቦታ ማህተሙን ይተዋል፣ ከዛ በኋላ ፍሬን በያዝክ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም "ዲስኩ ተጣሟል" ይላል። ተጣመመ ከሚባለው ዲስክ ብዙው አልተጣመመም፣ ሽፋኑ እኩል ስላልሆነ ነው። ዲስክ ካስለወጣችሁ በኋላም መንቀጥቀጡ ቶሎ ከተመለሰ ይሄንን ጠርጥሩ።

የትራክ ሸራ መንገድ ላይ ይጮሃል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ስቆም በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ያረጀ ባቡር የመጣ ነው የመሰላቸው። አቧራው ደሞ ብረት ያለበት ስለሆነ ዝናብ ከነካው ቸርኬው ላይ ይዝጋል። ብርድ ላይ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ ላይዝ ይችላል፣ ዋናው ችግር እሱ ነው፣ ስለዚህ ለትራክ የሄደው ሸራ ማታ ቤት ስመለስ ይወጣል፣ የመንገዱ ይገባል። አንዴ ከለመድከው ብዙ አይፈጅም።

ዲስክ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ያምራል፣ እስማማለሁ፣ ግን ለዚህ ስራ አትግዙት፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ስንጥቁ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሄዳል። ቀዳዳው ድሮ የመጣው ሸራ ሲግል የሚያወጣውን ጋዝ ለማሳለፍ ነው፣ የዛሬ ሸራ ያን ያህል ጋዝ የለውም። ውስጡ አየር የሚያልፍበት ተራ ለስላሳ ዲስክ፣ ርካሹ፣ በቂ ነው፣ እንደ ሸራ ቁጠሩት፣ አላቂ እቃ ነው። እኔ ከእያንዳንዱ ቀን በፊት ባትሪ ይዤ ፊቱን አያለሁ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ሁሌም አሉ፣ ጥፍሬን በላዩ ላይ ሳሻሽ ከያዘኝ ወይም ስንጥቁ ጠርዙ ላይ ከደረሰ ግን አበቃለት።

የብረት ሽሩብ ያለው የፍሬን ቱቦ፣ ጥሩ ነው፣ ፔዳሉን ትንሽ ጠንከር ያደርገዋል፣ የፋብሪካው ጎማ ካረጀ ቀይሩት፣ ካላረጀ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ቀይዋ ካሊፐር። የደወሉልኝ ልጆች የፈለጉት እሷን ነው፣ እኔም አልፈርድባቸውም፣ ቸርኬ ውስጥ ብቅ ስትል ታምራለች፣ ፎቶ ላይ ዘይት አይታይም። ግን ሁለት ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ አውጥተህ ኪት ገዝተህ ውስጡ ያው አሮጌ ዘይት ካለ ያው ተርን 1 ላይ ያው ነገር ይገጥምሃል፣ ካሊፐሩ ብቻ ቀይ ይሆናል። ሌላው የማይነገረው ነገር የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። ፋብሪካው ማስተሩን (ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበትን)፣ የፊቱን ፒስተን (ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን)፣ የኋላውን ፒስተን አስማምቶ ነው የሰራው። ከፊት ብቻ ትልልቅ ፒስተን ስታስገባ ፔዳሉ ይረዝማል፣ የፊቱ ድርሻ ይበዛል፣ የፊት ጎማ ቀድሞ ኤቢኤስ ያስነሳና የኋላው ግማሽ ስራውን ሳይሰራ ይቀራል፣ መቆሚያ ርቀትህ እንደውም ሊረዝም ይችላል፣ በገዛ ገንዘብህ። ጥሩ አምራቾች ይሄን አስበው ለየመኪናው ፒስተኑን ይመጥኑታል፣ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠው "ለሁሉም የሚሆን" ኪት ግን ማንን እንዳሰበ እንጃ። ደሞ ቸርኬው ይገባል ወይ? የብዙ 17 ኢንች ቸርኬ ክንድ ትልቁን ካሊፐር ይነካዋል፣ ስለዚህ ቸርኬ፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ሂሳቡ እዛ ነው የሚያብጠው።

መቼ ነው ታዲያ የሚያስፈልገው? የኔዋ የፊት ዲስክ 294 ሚሊሜትር ነው፣ በጣም ትልቅ አይደለም። የሚያጣብቅ የውድድር ጎማ ስታስር ወይ ሞተሯን ተርቦ ምናምን ስታደርግ፣ ያኔ ጥሩ ሸራ እንኳን በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል፣ ዲስኩም ቶሎ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ያ ምልክት ነው፣ ዲስኩ ለሙቀቱ አነሰ ማለት ነው። ሱባሩ ራሱ በ2017 የኔዋ መንትያ በሆነችው ቢአርዜድ ላይ ባለ አራት ፒስተን ብሬምቦ ካሊፐርና ትልቅ ዲስክ ያለው ፓኬጅ አውጥቷል፣ ሰፋ ያለ ፍሬን የፈለገ ሰው ያንን ሙሉውን፣ የፊቱንም የኋላውንም ከተሰበረ መኪና ላይ ፈልጎ ቢገዛ ሚዛኑም ስለተጠበቀ እኔ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ገና እዛ አልደረስኩም። ጎማዬ የመንገድ ጎማ ነው፣ ሞተሬ 200 ነው፣ ሸራዬም ወቅቱን ጥሩ ያህል ይዞኝ ይሄዳል።

ሙቀቱ ላይ የእግር ድርሻም አለ። አዲስ ሰው ስለሚፈራ ቀድሞ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ረጅም ጊዜ ፍሬኑ ላይ ይቆያል፣ ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ ስለሚቆይ ሙቀቱ ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ መግቢያ ጊዜ ያገኛል፣ ለማቀዝቀዣ የሚቀረው ጊዜ ደሞ ያንሳል። ኢንስትራክተሩ ሲያስተምረኝ አንዴ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ስራህን ጨርስ፣ መሪውን ማዞር ስትጀምር እየለቀቅክ ሂድ ነው ያለኝ። መጀመሪያ ላይ የማይሆን ነገር ነው የሚመስለው፣ እግርህ አይታዘዝልህም፣ ከዛ አንድ ቀን ይገባሃል። የመጨረሻውን ዙር ደሞ ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መጨረስ፣ ይሄንን ብዙ ሰው ይዘላል፣ የቸኮለ ይመስል። ዲስኩ እንደጋለ ከቆምክ የሚያበርደው አየር የለም፣ ሙቀቱ በሸራው አልፎ ካሊፐሩ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ነድተህ ያላፈላኸውን ዘይት ቆመህ ታፈላዋለህ።

አሁን ጋራዡ ውስጥ የያዝኩት ስራ የአየር ቱቦ ነው። ከፊት ፓራውልት ላይ፣ የጭጋግ መብራቱ ቦታ፣ አየር ተቀብሎ በባለ 3 ኢንች ቱቦ ወደ ዲስኩ መሃል የሚወስድ። መሃሉን መምታት አለበት፣ ዲስኩ ራሱ ሲዞር አየሩን ከመሃል ስቦ በውስጡ ወደ ጠርዝ ስለሚረጨው፣ አንዱን ፊት ብቻ ካቀዘቀዝከው ግን ጥቅሙ ግማሽ ነው። የቀኙ አልቋል። የግራው መሪውን እስከመጨረሻ ስጠመዝዝ ጎማው ቱቦውን ይገጨዋል፣ ትራክ ላይ እስከዛ ድረስ አይጠመዘዝም፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ግን ይጠመዘዛል። የአክስቴ ልጅ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደላይ እንሰረው ይላል፣ ጋሼ ደሞ "ማሰሪያ ይቀልጣል፣ ላሜራ ቆርጠህ መያዣ ስራለት" ብለውኛል፣ ላሜራ መቁረጫውንም ትናንት ማታ በር ላይ ጥለውልኝ ሄደዋል።